“በሕግ አምላክ” ማለት ምን ማለት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ባለፈው ወር ከቅዳሴ በኋላ በነበረን የውይይት ሰዓት አንድ ወንድማችን ተነሥቶ ያቀረበውን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። አባቱ እዚሁ መርካቶ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የነገዱበትን ሱቅ አንድ ቀን ጠዋት ታሽጎ አገኙት። በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈበትም። አስቀድሞ የደረሳቸው ማስጠንቀቂያም አልነበረም። ወደሚመለከተው ክፍል ሄደው ቢጠይቁ “ከበላይ የመጣ ነው” ተባሉ፤ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጠኝ ቢሉ “ነገ ተመለሱ” ተባሉ፤ ነገም ሌላ ነገ ወለደ። ወንድማችን ይህን ከነገረን በኋላ፣ “አባቴ ዝም ልበል ወይስ ልክሰስ እያለ ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል። ሐዋርያው ለሹማምንት እንድንገዛ አዝዟልና መክሰሱ ኃጢአት ይሆንብን ይሆን?” ሲል ጠየቀ።

በዚያ ዕለት ሁለት ዓይነት መልስ ተሰጠ። አንዱ ወገን “ክርስቲያን ይታገሣል፤ ዝም ይበሉ” አለ። ሌላው ወገን ደግሞ “ታግሠን ታግሠን የት ደረስን? ጉልበት ያላሳየ ማን ይሰማዋል?” አለ። ሁለቱም መልስ የወንድማችንን ልብ አላሳረፈም፤ የእኛንም እንደዚሁ። የትምህርት ክፍሉ ነገሩን አጥንተን እንድናቀርብ ስላዘዘን፣ እንደ አቅማችን የደረስንበትን በሚከተሉት ክፍሎች እናቀርባለን። የጎደለውን እናንተ ሙሉበት።

ሀ/ ከአባቶቻችን የወረስነው ቃል

በገበያችን ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ “በሕግ አምላክ!” ሲባል ያልሰማ ከመካከላችን የለም። በአውቶቡስ ተራ ይሁን በምናለሽ ተራ፣ ይህ ቃል ሲነገር የተነሣ እጅ ይወርዳል፤ የሚሮጥም ይቆማል፤ ቢያንስ መቆም እንደሚገባው ያውቃል። ቃሉን በየቀኑ ስለምንሰማው ግን ምን እንደ ተሸከመ አናስተውለውም።

ቃሉ “በጉልበቴ” አይልም፤ “በወገኔ” አይልም፤ “በዘመድ ብዛት” አይልም። ሕግን ጠርቶ የሕጉን ባለቤት እግዚአብሔርን ይጠራል። እንግዲህ አባቶቻችን ሕግ ከተከራካሪዎቹም ከዳኛውም በላይ እንደሆነ፣ ከሕግም በላይ የሕግ አምላክ እንዳለ በሁለት ቃል አጠቃለው አስተምረውናል ማለት ነው። በድሮ ዘመን ባላንጣዎች በመንገድ የሚያልፈውን ሰው አቁመው ዳኛ ያደርጉት እንደነበር፣ ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል። ባልንጀራው “በሕግ አምላክ” ሲል የሰማ መንገደኛ “እኔ ምን አገባኝ” ብሎ ማለፍ ነውሩ ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

“በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ” የሚል ተረትም አለን። በቅሎ በዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን ለአንድ ሰው የመንገድ ስንቅ ነው። ባለ ተረቱ በቅሎውን በፍርድ ቢያጣ ይችለዋል፤ ጭብጦውን ያለ ፍርድ ቢቀሙት ግን ያንገበግበዋል። ከዚህ የምንረዳው ሕዝባችን የጠላው ማጣትን ሳይሆን ያለ ፍርድ መነጠቅን መሆኑን ነው። የወንድማችን አባት ቅሬታም ይኸው ነው፤ “ሱቄን አትንኩ” አላሉም፤ “ጥፋቴን ንገሩኝና ልከራከር” ነው ያሉት።

ሕግ ገዢውንም የሚያስር መሆኑ ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በቤተ ክርስቲያንና በቤተ መንግሥት ሲተረጎም የኖረው ፍትሐ ነገሥት ከ51 አንቀጾቹ 22ቱን ለመንፈሳዊው፣ 29ኙን ለሥጋዊው ፍርድ ሰጥቶ፣ በ44ኛው አንቀጽ ስለ ነገሥታት ይናገራል። መጽሐፉ የሕግ መጽሐፍ እንደመሆኑ ለንጉሥም አንቀጽ ማበጀቱ ብቻውን ትምህርት ነው፤ ንጉሡ ከመጽሐፉ ውጭ አልተተወም። ከዚያም በፊት በኦሪት ዘዳግም 17 እግዚአብሔር ለእስራኤል ንጉሥ ያዘዘውን እናነባለን። ንጉሡ የሕጉን ግልባጭ ለራሱ እንዲጽፍ፣ በዕድሜው ሁሉ እንዲያነበው፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ ታዝዟል። ንጉሥ ለሕዝቡ ወንድም እንጂ አምላክ አይደለምና።

በእርግጥ ሌላም ተረት አለን፤ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” የሚል። በ1923 እና በ1948 ዓ.ም. የወጡት ሕገ መንግሥቶችም የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የማይከራከሩበት መሆኑን ጽፈው ይህንኑ አጸኑት። እንግዲህ በአንድ ቤት ሁለት ድምፅ ወርሰናል። አንዱ ሹሙን ከሕግ በላይ ያወጣዋል፤ ሌላው ከሕግ በታች ያቆመዋል። የትኛውን እንደምናሳድግ መምረጥ የእያንዳንዱ ትውልድ ዕዳ ነው።

ለ/ መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል?

ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 13 ለሹማምንት እንድንገዛና ግብር እንድንከፍል ያዝዛል። በዚያው ምዕራፍ ግን ሹሙን የእግዚአብሔር አገልጋይ ይለዋል፤ የተሾመውም ለመልካም ነገር ነው ይላል። አገልጋይ ደግሞ ጌታ አለው፤ ሥራው ተለክቶ ተሰጥቶታል። ዲያቆን መስቀል ይዞ ልባርክ ቢል ካህኑ “ይህ ያንተ አይደለም” እንደሚለው፣ ሹምም ከተሰጠው ልክ ሲያልፍ “ይህ ያንተ አይደለም” ሊባል ይገባዋል። ይህን የሚለው ሰው ሹመትን ናቀ አይባልም፤ እንዲያውም የሹመቱን ክብር ጠበቀ።

ይህን የጻፈው ጳውሎስ ራሱ ምን አደረገ? በሐዋርያት ሥራ 16 በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገረፈ፤ ታሰረም። በማግሥቱ ሹማምንቱ በስውር ሊሸኙት ሲልኩ፣ የሮም ዜጋ ሆነን ሳለን ያለ ፍርድ በአደባባይ ደብድበውን ሳለ በስውር አንወጣም፤ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። በምዕራፍ 22 ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ያልተፈረደበትን ዜጋ መግረፍ ተፈቅዶላቸው እንደሆነ የመቶ አለቃውን ጠየቀው። በምዕራፍ 25 ደግሞ ፍርዱ እንደማይስተካከል ባየ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። አላመፀም፤ ድንጋይ አላነሣም፤ ወኅኒ ጠባቂውን ራሱን ሊያጠፋ ሲል አዳነው። ነገር ግን ዝምም አላለም። ሕጉ የሚለውን ዐወቀ፤ በሚገባው ጊዜ፣ ለሚገባው ሰው ተናገረ። ስለዚህ ይግባኝ ማለት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ጳውሎስ ባላደረገው ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ናቡቴ ነው (1ኛ ነገሥት 21)። ንጉሥ አክዓብ የወይን ቦታውን ፈለገ፤ ናቡቴ የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኤልዛቤል ናቡቴን በጨለማ አላስገደለችውም፤ በንጉሡ ማኅተም የታተመ ደብዳቤ ጻፈች፣ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ ሁለት ምስክሮች ቆሙ። ደብዳቤ አለ፤ ማኅተም አለ፤ ምስክር አለ፤ ፍትሕ ግን የለም። ማኅተም ያረፈበት ሁሉ ሕግ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። የከተማው ሽማግሌዎች ደግሞ ነገሩ ሐሰት መሆኑን እያወቁ የተላከላቸውን ፈጸሙ። የናቡቴ ደም በኤልዛቤል እጅ ብቻ ነበርን?

ከአባቶችም ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ አለልን። ንግሥት አውዶክስያ የአንዲት መበለት ርስት በወሰደች ጊዜ መልሺ ብሎ ገሠጻት፤ ስለ ቃሉም ተሰደደ። ስደቱን ተቀበለ፤ ቃሉን ግን አልሳበም። አንድ መስቀል በሁለት እንጨት እንደሚሠራ ሁሉ፣ የክርስቲያን ትዕግሥትም የሚሠራው እውነትን በመናገርና ስለ እውነት መከራን በመቀበል ነው። ከሁለቱ አንዱን የተወ ትዕግሥት ፍርሃት ወይም ቁጣ ይሆናል።

ሐ/ ከሰፈራችን አካባቢ ታሪክ

ሩቅ ሳንሄድ የምንገበይበትን ቦታ እንመልከት። ገበያችን ወደዚህ ስፍራ የመጣው በጠላት ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የኢጣልያ አስተዳደር በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ “የአገሬው ሰው ገበያ” አለው፤ ነጩና ጥቁሩ በአንድ ሰፈር እንዳይኖር ከተማውን በቀለም ለመክፈል የወጣ ዕቅድ ነበር። አዲስ ከተማም በዚያው ዕቅድ ለአገሬው ሰው ተብሎ ተለየ። እንግዲህ መርካቶ የተወለደው ሰውን ከሰው ከሚለይ ትእዛዝ ነው። ሕዝቡ ግን ያንኑ ቦታ ከጉራጌ፣ ከዶርዜ፣ ከሐረር፣ ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከየመንም የመጣው ሁሉ በአንድ ሚዛን የሚገበያይበት አደረገው።

ከፒያሳ ወደ መርካቶ ስንወርድ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት እናልፋለን። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ብፁዕነታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የተገደሉት የወራሪውን አገዛዝ ሕጋዊ ነው ብለው አልባርክም በማለታቸው ነው። ጠላት ጦርም መድፍም ነበረው፤ የጎደለው ቡራኬ ብቻ ነበር፤ እርሱንም ከለከሉት። ጉልበት “ሕግ ነኝ” ለማለት የእኛን አሜን እንደሚፈልግ የእርሳቸው ሞት አስተምሮናል።

“እርሱ ባዕድ ነበረ፤ የራሳችን መንግሥት ሲሆንስ?” የሚል ይኖራል። ይህም ታሪክ አለን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ በዚያው አዋጅ ተቃውሞን፣ የሥራ ማቆም አድማንና ያልተፈቀደ ሰልፍን ከለከለ። በዚያ ቀን የጮኸ ጥቂት ነበር። ሕጉ የታጠፈባቸው መኳንንት በብዙ ሰው ዘንድ አይወደዱም ነበርና “የእጃቸውን አገኙ” ተባለ። ከ72 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ወደ 60 የሚሆኑ ባለ ሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገደሉ። በ1968 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንግሥት ፈቃድ ውጭ ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ በሚል ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። በመካከሉ የቀይ ሽብር ዘመን አልፏል፤ የስንት ወጣት ሬሳ በየመንገዱ እንደወደቀ ወላጆቻችን እስከ ዛሬ ሲያነሡት ድምፃቸው ይቀንሳል። የአቡነ ቴዎፍሎስ ዐፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤልም በክብር ዐረፈ።

የዚህ ሁሉ ቅደም ተከተል እንዳይጠፋን። በመጀመሪያ ሕግ የተነሣው ከማንወደው ሰው ላይ ነው። ከዚያ ከማናውቀው ሰው ላይ ተነሣ። በመጨረሻ ከፓትርያርኩና ከገዛ ልጆቻችን ላይ ተነሣ። በመጀመሪያው ቀን “በሕግ አምላክ” ያላለ ሰው በመጨረሻው ቀን ቢጮህ የሚሰማው አላገኘም።

መ/ ዛሬ በእጃችን ያለው ሕግ

ዛሬ የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። በአንዳንድ አንቀጾቹ ላይ ኢትዮጵያውያን በብርቱ ይከራከራሉ፤ የሚሻሻልበትንም መንገድ ሕጉ ራሱ ደንግጓል። እኛ ግን ክርክር ለሌለባቸው አንቀጾች ትኩረት እንስጥ።

አንቀጽ 9 ሕገ መንግሥቱን የማስከበርና ለእርሱም የመገዛት ኃላፊነት ያለባቸውን ሲዘረዝር፣ ከመንግሥት አካላት፣ ከፖለቲካ ድርጅቶችና ከባለ ሥልጣኖች አስቀድሞ የጠራው ዜጋውን ነው። ሁለቱን ቃላት አስተውሉ፤ መገዛት አለ፣ ማስከበርም አለ። ባለፈው ወር ስንከራከር ግማሻችን መገዛትን ብቻ፣ ግማሻችን ማስከበርን ብቻ ይዘን ነበር። ሕጉ ግን ሁለቱን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ጭኗቸዋል።

አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ባለ ሥልጣንም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዝዛል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር፣ ይደነግጋል። አንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብትን ይሰጣል። አንቀጽ 37 ፍርድ ሊያገኝ የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የመውሰድ መብትን ይሰጣል። አንቀጽ 40 ንብረትን ይጠብቃል። ከመካከላችን እነዚህን ስድስት አንቀጾች አንብቦ የሚያውቅ ስንቱ ነው? ባለፈው እሑድ ሕገ መንግሥቱን በእጁ ይዞ የሚያውቅ እጁን ያንሣ ብለን ስንጠይቅ አራት እጅ ብቻ አየን። ያላነበብነውን ሕግ ተጣሰብን ብለን መጮህ አንችልም፤ መጣሱን በምን እናውቃለን?

ሠ/ የጎረቤታችን ጩኸት

አሁን ልብ የሚነካውን ነገር እናንሣ። ከቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የታላቁ አንዋር መስጊድ አለ። ደወሉና አዛኑ በአንድ አየር ላይ ሲገናኙ እየሰማን አድገናል።

በ2004 ዓ.ም. ሙስሊም ወገኖቻችን መንግሥት በመጅሊሳቸውና በሃይማኖት ትምህርታቸው ጣልቃ ገባብን ብለው ተቃውሞ ጀመሩ። ከአወሊያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ ወደ አንዋር መስጊድ በመጣው በዚህ ተቃውሞ “ድምፃችን ይሰማ” ይሉ ነበር። አርብ አርብ ተሰብስበው አንዳንድ ጊዜ ያለ አንዳች ድምፅ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ይቆሙ ነበር። የጠቀሱትም ያንኑ አንቀጽ 11ን ነበር። በሐምሌ ወር ወኪሎቻቸው ታሰሩ፤ በ2007 ዓ.ም. ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ከጊዜ በኋላ ተፈቱ።

እኛ ያኔ ሕፃናት ነበርን። ነገር ግን በየቤታችን የተባለውን እናስታውሳለን፤ “የእነርሱ ጉዳይ ነው፤ በዚያ በኩል አትለፉ።” ክፋት አልነበረም፤ ለልጅ የሚፈራ ወላጅ የሚናገረው ነው። ቢሆንም “በሕግ አምላክ” ሲባል የሰማ መንገደኛ ቆሞ ሊያዳምጥ ይገባው ነበር ብለን አልነበረምን?

ከዚያም 2015 ዓ.ም. መጣ። ጥር 14 ቀን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ በወሊሶ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ምእመናን በሚሰሙት ቋንቋ ይገልገሉ የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ነገር ግን ቅዱስ ሲኖዶስ መንግሥት ቀኖናችን የሚወስነውን ጉዳይ እንደ ሁለት ወገን ጠብ አየው፤ በጸጥታ ኃይልም ጣልቃ ገባ ሲል ተቃወመ፤ የጠቀሰውም አንቀጽ 11ን ነበር። በሻሸመኔ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ምእመናን ተገደሉ። እኛም በነነዌ ጾም ሦስቱን ቀን ጥቁር ለብሰን ጾምን፣ አለቀስን። አባቶች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ለየካቲት 5 ቀን ሰላማዊ ሰልፍ ጠሩ፤ ውይይት ሲጀመር ደግሞ ሰልፉን አቆዩት፤ በዚያው ሳምንት ስምምነት ተደረሰ። በእነዚያ ቀናት ቁጣ የሞላው ወጣት ስንት እንደነበረ እናውቃለን፤ እኛው ነበርንና። አባቶች ግን በጾምና በሕግ መንገድ መሩን።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ከእኛ አንዲቱ እኅታችን ጥቁር ለብሳ በእናቷ የበርበሬ መደብር ተቀምጣ ሳለች፣ ጎረቤት የሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ጠጋ ብለው “ልጄ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?” አሏት። ነገረቻቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ “አላህ ያጽናችሁ። የእኛን ጊዜ አስታወሳችሁኝ” አሏትና ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። “ያኔ እናንተ የት ነበራችሁ?” አላሏትም። ባይሏትም ጥያቄው ለእኅታችን ደርሷታል፤ ስትነግረን ለእኛም ደረሰን።

ወገኖቻችን ሆይ፣ አንቀጽ 11 ለራጉኤል የተጻፈ ሌላ፣ ለአንዋር የተጻፈ ሌላ የለውም። መንግሥት በጎረቤታችን የሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ ሲገባ ዝም ካልን፣ በእኛ ሲገባ የምንጠቅሰው አንቀጽ እጃችን ላይ ሳስቷል። ለባልንጀራችን ያልቆምንለት ሕግ ለእኛ የሚቆም ግድግዳ አይሆነንም። ጌታችን ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ለጠየቀው ሕግ ዐዋቂ በምሳሌ ያቀረበለት ከገዛ ወገኑ ያልሆነውን ሳምራዊ ነበር።

ረ/ እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እጃችንን እናንጻ። በሕግ አምላክ የሚል ሰው ራሱ በሕግ ሊሄድ ይገባዋል። ያለ ደረሰኝ እየሸጥን፣ ሚዛን እያጎደልን፣ ጉቦ ሰጥተን ፋይላችንን እያስቀደምን፣ ሹሙ ሕግ ይጠብቅ ማለት ያሳፍራል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከደረሰኝ ቁጥጥር ጋር በተያያዘ በመርካቶ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር አይተናል። በዚያን ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት እውነት ነበር፤ መንግሥት ግብር መሰብሰቡና ደረሰኝ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ነጋዴውም የሚጠየቅበትን ሥርዓት አስቀድሞ በግልጽ ማወቁ ተገቢ ነው። አንዱን እውነት ሌላውን ለመደበቅ አንጠቀምበት።

ሁለተኛ፣ ውሳኔን በጽሑፍ እንጠይቅ። የቃል ትእዛዝ ባለቤት የለውም። አቤቱታም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፤ ቁጥርና ቀን ይሰጠው፤ ግልባጩ በእጃችን ይቅር። የይግባኝ ቀን እንዳያልፍብን እንጠንቀቅ፤ ለምሳሌ የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሲወጣ በታክስ ውሳኔ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ 21 ቀን ብቻ ነው የሰጠው። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ለመቀበል በሕግ የተቋቋሙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ እውነተኛ ምስክር እንሁን። ያየነውን ያህል እንናገር፤ አንጨምር፣ አንቀንስ። ያልተጣራ ወሬ በስልካችን የምናስተላልፍ ከሆነ በናቡቴ ላይ ከቆሙት ሁለት ምስክሮች አንለይም።

አራተኛ፣ ከራሳችን ቤት እንጀምር። ሰንበት ትምህርት ቤታችን መተዳደሪያ ደንብ አለው። የሥራ አመራሩ የገንዘብ ሪፖርት በጊዜው ሳያቀርብ ሲቀር “እነርሱ ያውቃሉ” ብለን የምናልፍ ከሆነ፣ ትልቁን ሹም የመጠየቅ ልምድ ከየት ይመጣልናል? በፍቅርና በትሕትና መጠየቅን እዚህ እንለማመድ።

አምስተኛ፣ ከጉልበት እንራቅ። ድንጋይ የሚወረውር እጅ “በሕግ አምላክ” የሚለውን አፍ ያዘጋዋል። ሠለስቱ ደቂቅ ለምስሉ አልሰገዱም፤ የንጉሡን ዘበኞች ግን አልመቱም። እሳቱ ውስጥ ገቡ፤ እንቢታቸውንም ይዘው ገቡ።

የወንድማችን አባት ከየት እንደደረሱ ልንነግራችሁ ይገባል። ከመካከላችን ሕግ የሚማሩ ሁለት ልጆች አቤቱታቸውን በጽሑፍ አዘጋጁላቸው፤ ሁለት የሱቅ ጎረቤቶቻቸው፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፣ ምስክር ሆነው ፈረሙ። አቤቱታው ገቢ ሆኖ ቁጥር ተሰጠው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ምክንያት የተጻፈበት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ በምክንያቱ ስላልተስማሙ ይግባኝ ብለዋል። ይህን እስከምንጽፍበት ቀን ድረስ ሱቁ አልተከፈተም፤ ይከፈታል ብለንም ቃል ልንገባላችሁ አንችልም። አባትየው ግን “አሁን ቢያንስ ከማን ጋር እንደምከራከር ዐውቄያለሁ፤ እንቅልፌም ተመልሷል” ብለዋል። በቅሎዋ ገና አልተመለሰችም፤ መንገዷ ግን የፍርድ መንገድ ሆኗል።

ስለዚህ ለወንድማችን የምንመልሰው ይህ ነው። መክሰስ ኃጢአት አይደለም፤ በሐሰትና በበቀል መክሰስ ግን ኃጢአት ነው። መታገሥም ጽድቅ ነው፤ የባልንጀራን በደል እያዩ በዝምታ ማለፍ ግን ትዕግሥት አይባልም። ከዛሬ ጀምሮ በተራችን ውስጥ “በሕግ አምላክ” ሲባል ስንሰማ የጠራው ሰው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚያምን ከመጠየቃችን በፊት ቆመን እንስማው። የተጠራው የሁላችን አምላክ ነውና።

የመወያያ ጥያቄዎች፤

1/ የናቡቴ ከተማ ሽማግሌዎች ደብዳቤው ሲደርሳቸው ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?

2/ ጳውሎስ በፊልጵስዩስ በስውር መውጣትን ለምን እንቢ አለ? ቢወጣ ኖሮ በከተማው ለሚቀሩት ምእመናን ምን ይቀርባቸው ነበር?

3/ በሰፈራችሁ “የእነርሱ ጉዳይ ነው” ተብሎ የታለፈ በደል ታስታውሳላችሁን? ዛሬ ልናደርግ የምንችለው ምን አለ?

4/ ለሚመጣው እሑድ ከአንቀጽ 9፣ 11፣ 12፣ 19፣ 30፣ 37 እና 40 አንዱን አንብባችሁ በራሳችሁ ቃል ለማስረዳት ተዘጋጅታችሁ ኑ።

የሕግ አምላክ አገራችንን ይጠብቅልን፤ ለሹማምንቶቻችን ማስተዋልን፣ ለእኛም ድፍረትን ከትሕትና ጋር ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።